በድንኳን ውስጥ ሰማይ ያስተማሩት የመምህርት ቴክላ ሙርያኒ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ቴክላ ሙርያኒ ከአባታቸው ከፓክ ያኮቡስ ዊርዮ እና ከእናታቸው ከቡ ማርጊየም፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1971 ከሙንቲላን ከተማ በላይ፣ በእሳተ ገሞራው በመራፒ ተራራ እግር ሥር በምትገኘው በዋታንግ መንደር ተወለዱ። ለቤታቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታችን የሳላክ ፍሬ ያለሙ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ከአኩሪ አተር ቴምፔ የሚባል ምግብ እየሠሩ ገበያ ያወጡ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ሉሲያ፣ ሦስት ዓመት የምከተላቸው እህታቸው ነኝ። አንዳንዱ ነገር ለቀብር ጽሑፍ ላይመች ይችላል። ቤተሰቡ ግን ሳይቆረጥ እንዲነበብ ተስማምቷል፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ትሰሙታላችሁ።

በቤታችን ሩዝ ሊጎድል ይችላል እንጂ ፍርሃት ጎድሎ አያውቅም። አባታችን ተራራውን ይፈሩ ነበር፤ እናታችን ከተራራው ጭቃና ድንጋይ ይዞ የሚወርደውን ወንዝ፤ እኔ ሁለቱንም፣ በዚያ ላይ ዶሮ እፈራ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፤ እናታችን በዚህ በኩል የታደሉ ነበሩ። ከቤቱ ሁሉ የማይፈሩት ቴክላ ብቻ ነበሩ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ድረስ ማለቴ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዋታንግ በሚከታተሉበት ጊዜ፣ በሰኔ ወር 1983፣ በጃቫ ደሴት ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንደምትጨልም ተነገረ። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየመንደሩ እየዞረ፣ «ከቤት አትውጡ! ያየ ይታወራል! በባልዲ ውኃ ውስጥ ጥላዋን ያየም ይታወራል!» ይል ነበር። ያን ቀን አባታችን መስኮቱን በምንጣፍ ጋረዱ፤ የቀርከሃውን ግድግዳ ቀዳዳ በጨርቅና በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀጠቁ፤ በዶሮዎቹ ላይ ቅርጫት ደፉ፤ የፍየሏን ዓይን ሳይቀር በመሐረብ አሰሩ። ከዚያ ሁላችንም አልጋ ሥር ገባን። ውጭ ሽማግሌዎቹ ፀሐይን የሚውጠው ጭራቅ እንዲተፋት የሩዝ ሙቀጫውን በዘነዘና ይደበድቡ ነበር። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የቀርከሃ ግድግዳ ግን ቢጠቀጥቁት አያልቅም። በቀሩት ቀዳዳዎች ብርሃን ሾልኮ መሬቱ ላይ ወደቀ፤ ፀሐይዋ ስትበላ እያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ እንደ ማጭድ ጎበጠች። እኔ በእናቴ ሽርጥ ተሸፍኜ ነበርና አላየሁም። ቴክላ አዩ። በኋላ ጆሮዬ ላይ ተጠግተው፣ «ሉሲ፣ አይቻታለሁ። መሬት ላይ ወርዳ ነበር። ልታወር ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሌላው ሁሉ ሲተኛ ፋኖሱ ሥር ያስቀምጡኝና ጣቴን እንዳሳያቸው ያዝዙኝ ነበር። «ስንት ነው? አሁንስ ስንት ነው?» ክሩ ከተርገበገበና ብርሃኑ ከደከመ፣ የደከመው ዓይናቸው እየመሰላቸው ያለቅሱ ነበር። ይህ ለብዙ ሳምንታት ቆየ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም፤ ጨለማን መፍራት ግን በዚያው ተተክሎባቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሌሊት ያለ መብራት ተኝተው አያውቁም። ባለቤታቸው፣ «ቴክላን ሳገባ ፋኖሷንም አብሬ አገባሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሙንቲላን አጠናቀው፣ ዮግያ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ተከታተሉ። በዚያ አንድ መምህራቸው ትንሽ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ግድግዳ ላይ እንደምትጥል፣ መልኩን ማየትም ማንንም እንደማይጎዳ በጨለማ ክፍል አሳዩአቸው። ቴክላ ክፍሉ ውስጥ ማልቀስ ጀመሩ፤ መምህሩም የታመሙ መስሏቸው ወደ ክሊኒክ ላኩአቸው። ለበዓል ቤት ሲመጡ አባታችንን አስቀምጠው ነገሩን ሁሉ አስረዱ። የተደበቅንበት ቤት ግርዶሹን ያለ ምንም ጉዳት ለማየት ከሁሉ የተሻለው ቦታ እንደነበረ፣ እኛ ግን አልጋ ሥር እንደገባን ነገሯቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ለመሆኑ ማን እይ ብሎሽ ነው ያየሽው?» አሉ። ቴክላ እንደ ሥርዓቱ ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

በ1994 በሙንቲላን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በ1996 ከፓክ ስቴፋኑስ ሱጊማን ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። ፓክ ሱጊማን ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን የሚያከራዩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ የተቀመጣችሁበትም የእሳቸው ነው። ብሪጊታ ሬስቲ እና ፓስካሊስ ዳሩ የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ።

በ2010 መራፒ ሲፈነዳ ከናንተ መካከል ያልሸሸ የለም። አመዱ ቀኑን ሌሊት ሲያደርገው፣ ቴክላ በመጠለያው ውስጥ ልጆቹን ይጠብቁ ነበር። ልጆቹ መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ላይ ይጮኻሉ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ እናቶቹም አብረው ያለቅሳሉ። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላም ልጆቹ ማታ ወደ ጓሮ መውጣት እምቢ አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ያን ጊዜ ነው ቴክላ ባለቤታቸውን፣ «ሱጊ፣ ጥቁር ድንኳን ስፋልኝ። ክብ ይሁን፤ መስኮት አይኑረው» ያሏቸው። ፓክ ሱጊማን፣ «በር ይኑረው ወይስ እሱም ይቅር?» ብለው ጠየቁ።

ድንኳኑ በ2011 ተሰፍቶ አለቀ። ምሰሶ የለውም፤ በአየር የሚነፋ ነው። የአየር መንፊያው ሞተር በገበያ ትርዒት ላይ ልጆች ይዘሉበት ከነበረ የፕላስቲክ ቤት የተረፈ ነው። ሰማዩ የሚታየው ከፕሮጀክተር የሚወጣው ብርሃን ጎበጥ ባለ መስታወት ላይ ነጥሮ ጣሪያውን ሲሞላው ነው፤ መስታወቱም በመንገድ መታጠፊያ ላይ መኪና እንዳይጋጭ ከሚሰቀለው ዓይነት ነው። ልጆቹ ጫማቸውን ውጭ አውልቀው፣ እንደ እጅጌ በረዘመ መግቢያ በእንብርክክ ይገባሉ። ሞተሩ ካላቋረጠ ድንኳኑ ቆሞ ይቆያል። ከቆመ ግን ጨርቁ ቀስ እያለ ሰው ላይ ይወርዳል። እኔ ይህን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ሆኖም መግቢያው ላይ ቆሜ ጫማ የምጠብቀው እኔው ነበርኩ።

እህታችን ልጆቹን በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ አይጥሏቸውም ነበር። መጀመሪያ በትንሽ መብራት ያስቀምጧቸዋል፤ እያንዳንዱ የአጠገቡን ልጅ ሸሚዝ ጫፍ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ከዚያ መብራቱን ቀስ በቀስ ይቀንሱታል። «ጨለማን በማንኪያ ነው የምሰጣቸው» ይሉኝ ነበር። ኮከቦቹ ብቅ ሲሉ አባቶቻችን ሩዝ ለመዝራት የሚጠብቁትን የማረሻ ኮከብ፣ ዓሣ አጥማጁ ደቡብን የሚለይበትን፣ ጠማማው ጎጆ የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ያሳዩአቸዋል። በመሐል አንዱ በእናትነት ማዕረጋቸው ጠርቷቸው፣ «ቡ፣ እዚህ ጋ የሆነ ሰው ፈስቷል!» ይላል። እሳቸውም፣ «ጭጋግ ነው፤ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ያልፋል» ይሉታል። ድንኳኑ በሳቅ ይናወጣል። ያ ሁሉ ሲሆን የእሳቸው እጅ የፕሮጀክተሩን ገመድ ጨብጦ እንደማይለቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨለማውን እንደ ልጆቹ ይፈሩት ነበር። ከዚያም አብልጠው የሚፈሩት ግን አንድ ነገር ነበር፤ እሳቸውን አምኖ የገባ ልጅ አንድ ቀን በእሳቸው ምክንያት እንዳይጎዳ።

በዚህ ሁኔታ ሥራቸውን ሳያስተጓጉሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተራራው ሥር ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ አዳረሱ። በየትምህርት ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ሻይ እንደሚቀርብ የታወቀ ነው፤ ትኩስ፣ ወፍራም፣ ስኳሩ ከሥር የተኛ ሻይ። ሳይጠጡ መሄድ ደግሞ ባለቤቱን መስደብ ነው። ከሁሉ የላቀው ሻይ የቶጎሳሪ ነበር። በቶጎሳሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሻይ የምታፈላው ታርሚ ትባላለች። ለእንግዳ ስኳር መቆጠብ እንደ ስስት ስለሚቆጠር፣ ታርሚ ለቡ ቴክላ ሁለት እጥፍ ታደርግ ነበር። ስለሚወዷትም እስከ መጨረሻው ጠብታ ይጠጡላት ነበር።

መምህርት ቴክላ ከ2009 ጀምሮ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ሐኪሙ፣ «ሻይ እንኳ ያለ ስኳር» ብሏቸዋል። እኔም መንገድ ላይ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እምቢ በያቸው» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ፤ ከዚያ ብርጭቆው ሲቀርብ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ታማሚ ነኝ ማለትን ያፍሩ ነበር። ሰው ተቸግሮ ያፈላውን መመለስ ደግሞ ከዚያ የባሰ አሳፋሪ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞኝነት ከእኛ ከተራራ ሥር ሰዎች በቀር ማንም ጋ ያለ አይመስለኝም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ በ2017 ዓይናቸው መድከም ጀመረ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ፈጽሞ ጠፋ። ይህን የምናውቀው ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ከመደበኛው ማስተማር በጡረታ ወጡ፤ ድንኳኑን ግን አልተውም አሉ። መኪናውን ባለቤታቸው ይነዳሉ፤ እኔ ክንዴን አቆላልፌ እንደ እህትማማች ወሬ እያወራሁ አስገባቸዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማን ያውቅባቸዋል? ሁሉም ጨለማ ውስጥ ነው። የኮከቡን ቦታ በቃላቸው ያውቁታል፤ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ሲዘረጉ አንድ ጊዜ እንኳ ስተው አያውቁም።

ለምን እንደደበቁት አንድ ቀን በቁጣ ጠየቅኋቸው። «በታኅሣሥ ግርዶሽ አለ፣ ሉሲ» አሉኝ። «በ2016 ጭጋግ ከልክሎን አንድም ልጅ አላየም። ዘንድሮ ልጆቹን አወጣቸዋለሁ ብያለሁ። አሁን ወላጆቻቸው መታወሬን ቢሰሙ ምን የሚሉ ይመስልሻል?» መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ልጆቹን እንደ እኛ አልጋ ሥር ይከቷቸዋል።

በጥቅምት ወር ቶጎሳሪ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ገብተው ሳሉ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፤ ሞተሩ ዝም አለ። ውጭ የቆምነው ጨርቁ ሲሸበሸብና ሲወርድ አየን። ከውስጥ አንድ ልጅ፣ «ተራራው ነው! ተራራው መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ጮኹ። እናቶች ከየቤቱ ሮጠው መጡ፤ ታርሚ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ላራስ ውስጥ ስለነበረች በጥፍሯ ጨርቁን ልትቀድ ታገለች። ፓክ ሱጊማን ያዟት፤ ከተቀደደ በአንድ ጊዜ ሰው ላይ ይወድቃልና።

በዚህ መሐል የቴክላ ድምፅ ተሰማ። አልጮኹም። «ላራስ፣ ሸሚዝ ይዘሻል? የማንን? በጣም ጥሩ። ባዩ፣ አንተስ? ቁመታችሁ የደረሰ እጃችሁን ወደ ላይ፤ ሰማዩን ደግፉት። ከባድ አይደለም፤ የፓክ ሱጊ ስፌት ነው።» አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ መግቢያው ተንቀሳቀሰና የመጀመሪያው ራስ ብቅ አለ። የሸሚዝ ጫፍ እንደተያያዙ ሁሉም በእንብርክክ ወጡ፤ አንድም ልጅ አልተጫረም። ለሌላው ሁሉ ጨለማ ሲሆን ለእሳቸው የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ መንገዱን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

መጨረሻ የወጡት ራሳቸው ነበሩ። ሁሉም ልጁን አቅፎ ያለቅሳል፤ እኔ አጠገባቸው መድረስ ነበረብኝ፤ እግዚአብሔርን ሳመሰግን ግን አልደረስኩም። ቴክላ ተነሥተው ቆሙ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ፈገግ ብለው ወደ ልጆቹ ድምፅ ተራመዱ። በእኩለ ቀን፣ በጠራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ብረት ጋር በግንባራቸው ተላተሙ። ማየት እንደማይችሉ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ አወቀ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚወራውን የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ወሬው እኛ ወደ ሙንቲላን ሳንደርስ ቀድሞን ገባ። የታርሚ አባት ምባህ ካርሶ በቶጎሳሪ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ «ፀሐይን ስታይ ኖራ ፀሐይ በላቻት» አሉ። አንዱ መምህር ነገሩ እንዲህ አይደለም ብሎ ሊያስረዳቸው ሲሞክር፣ «ልጄ፣ በ83 ተደበቅን። ከኛ መንደር አንድ ሰው አልታወረም። ታዲያ መደበቁ አይደል ያዳነን?» አሉት። ትምህርት ቤቶቹ አንድ በአንድ፣ «ለጊዜው ይቆይ» እያሉ ላኩብን። ግርዶሹ ሊደርስ ሁለት ወር ነበር የቀረው።

ቴክላ ለሦስት ቀን ከክፍላቸው አልወጡም። በአራተኛው ቀን ልብሳቸውን ለብሰው፣ «ታርሚ ቤት ውሰጂኝ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ እጄን እንደ ሕፃን ጨብጠው ያዙት።

ታርሚ ተቀበለችን፤ እንደ ልማዷም ሻይ አቀረበች። ቴክላ ብርጭቆውን ይዘው አልጠጡም። «ታርሚ፣ ዓይኔን የወሰደው ፀሐይ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው፣ ቡ?»

«ስኳር ነው። ከያዘኝ አሥር ዓመቱ። እንዳልጠጣ ተከልክዬ ነበር።»

ታርሚ የያዙትን ብርጭቆ አየች። ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ለእርስዎ እጥፍ ነበር የማደርገው» አለች።

«አውቃለሁ። በጣም ይጣፍጥ ነበር።»

ታርሚ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «ገደልኩዎት፤ በገዛ እጄ» እያለች ስታለቅስ ቴክላ በዳበሳ ጉልበቷን አገኙት። «አንቺ እንግዳ አከበርሽ። እምቢ ማለት የእኔ ፈንታ ነበር፤ አፍሬ ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ አልነግርሽም ያልኩት። አሁን ግን ላራስን ቤት ልትዘጊባት ነው፤ ስለዚህ መጣሁ።»

ታርሚ እንባዋን ጠርጋ የእናት ጥያቄ ጠየቀች። «ብታይ ምንም እንደማትሆን ይምሉልኛል?»

እኔ በሆዴ፣ ማይላት፣ ማይላትና እንሂድ እላለሁ። ቴክላ ግን፣ «በመነጽሩ ካየች ምንም አትሆንም። ይህን አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን እፈራለሁ» አሉ።

«ቡ ቴክላ ይፈራሉ?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ።»

ታርሚ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብላ ውጭ ደፋችው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየለት ድምፅዋን ከኋላችን እየሰማን ወደ ቤታችን ተመለስን።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26፣ በእኛ የልደት በዓል ማግስት፣ ቶጎሳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለቴክላ ወንበር አወጣሁላቸው። ጭናቸው ላይ ለግርዶሽ የተሠሩ መነጽሮች ያሉበት ካርቶን ነበር፤ እያንዳንዱን ጭረት እንዳይኖረው በጣታቸው ደጋግመው ፈትሸውታል። የመንደሩ በር ሁሉ ተዘግቷል። ፀሐይዋ መበላት ስትጀምር ከምባህ ካርሶ ጓሮ የሙቀጫው ድብደባ ተነሣ። ቴክላ ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ሉሲ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልነሣ ስል ታርሚ ላራስን በእጇ ይዛ በግቢው በር ገባች። ከኋላዋ አባቷ በመስኮት፣ «አንቺ ልጅ! አብደሻል? ልጅቷን መልሺ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷም ዞር ሳትል፣ «የማይፈራ ሰው ቢሆን ልጄን አልሰጠውም ነበር፣ አባዬ!» አለቻቸው።

ቴክላ መነጽሩን በላራስ ዓይን ላይ ራሳቸው አደረጉት። ጠርዙን በጣታቸው ዞረው ዳበሱ፤ ክፍተት የለም። ቢሆንም እጃቸውን ከልጅቷ ጆሮ ግንድ ላይ አላነሡም። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የልጅቷም ራስ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ቀና በይ። ምን ይታይሻል?»

«ብርቱካንማ ነች፣ ቡ። የተጠበሰ የክሩፑክ ቂጣ ትመስላለች። አንድ ሰው ገምጧታል።»

«ብዙ ነው የገመጠው?»

«ሆዳም ነው።»

እህታችን ሳቁ። እሳቸው በ83 አልጋ ሥር ነበሩ፤ በ2016 ጭጋግ ነበር፤ ግርዶሽን በገዛ ዓይናቸው ቀና ብለው ሳያዩ ነው የታወሩት። ያን ቀን በላራስ አፍ አዩ። ልጅቷ ስትስቅ የሰሙ ሌሎች ልጆች ከየቤታቸው ሾልከው መጡ፤ ጥቂት እናቶችም ተከተሉ። በመጨረሻ ምባህ ካርሶ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መጡና ከልጅ ልጃቸው ኋላ ቆሙ። «አሁንስ ምን ያህል ቀራት?» እያሉ ይጠይቋት ነበር፤ ቀና ግን አላሉም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ቴክላ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት እንደደረስን ስልክ አስደወሉኝ። «ላራስ፣ ታያለሽ?» «አያለሁ፣ ቡ።» በማግስቱም አስደወሉኝ። የሚያስተምሩትን ሳይንስ አይጠራጠሩም፤ የተማሩትን ሁሉ ያውቁታል። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ግን ውስጣቸው ሆና ጣት ትቆጥር ነበር። ወሩ አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ወረርሽኙ መጥቶ ሄደ፤ ምሽት ሲሆን ይደውላሉ። «እትዬ፣ ልጅቷ በጤናዋ ናት፤ ተያት» ብላቸው አይሰሙኝም። ላራስ አንድም ቀን አልሰለቸችም። «ተራራውን አያለሁ። ዛሬ ጭስ አለው። ድመታችንን አያለሁ፣ ዓሣ ሰርቃለች» እያለች ትነግራቸው ነበር። ድንኳኑም ከወረርሽኙ በኋላ እንደገና ተነፋ፤ ልጆቹም እንደገና ገቡ።

መምህርት ቴክላ በ2023 ኩላሊታቸው በመታመሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ሲደረግላቸው ቆይተው፣ ካለፈው ወር ጀምሮ አልጋ ያዙ። በመጨረሻው ምሽት መናገር አልቻሉም። ስልኩን ደውዬ ጆሯቸው ላይ አደረግኩት፤ ላራስም ሳትጠየቅ፣ «አያለሁ፣ ቡ» አለቻቸው። በማግስቱ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2024፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ፓክ ስቴፋኑስ ሱጊማን፣ ልጆቻቸው ብሪጊታና ፓስካሊስ፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና እኔ እህታቸው በሐዘን ቀርተናል። ጨለማን በማንኪያ የቀመሱ ብዙ ልጆችም አብረውን አዝነዋል።

ይህ ሁሉ ሳይቆረጥ እንዲነበብ የፈለግነው፣ ትናንት በዚሁ ድንኳን ውስጥ፣ «ምስኪን፣ ፀሐይ የበላቻት» ሲባል በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። የተናገረውን ሰው አልጠራም፤ ሻዩን እየጠጣ ይሰማኛል። ሌላ ግርዶሽ ይመጣል። በየቤታችሁ ልጆች አሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስከሬኑን አጅበን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ የመጀመሪያውን ንባብ የምታነበው ላራስ ናት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የመጽሐፉ ፊደል ደቃቅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም መብራት ደካማ ነው። ስታነብ ዓይኗን ተመልከቱ።

ቸሩ አምላክ የእህታችንን ነፍስ መብራት ወደማይጠፋበት ቤቱ ያስገባልን፤ እኛንም ከፍርሃታችን ይፍታን። አሜን።